ሳይታወቅ የሚነጋ ድምፅ

የቴአትር አዘጋጁ ጋሽ እንየው የጠየቁኝ ነገር ሲሰሙት ቀላል ነበር።

«ቴአትሩ በጨለማ ይጀምራል» አሉኝ። «መዲና ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ንጋትን ትጠብቃለች። መብራቱ ቀስ እያለ ይመጣል። ከሥሩ አንድ ድምፅ እፈልጋለሁ። ሲጀምር ግን ማንም እንዳይሰማው።»

«ማንም ካልሰማው…»

«ደሴ ላይ ጭጋግ ሲገለጥ አይተሽ የለ? መቼ ጀመረ ትያለሽ? ቀና ስትይ የጦሳ ተራራ ቁጭ ብሏል። እንደዚያ!»

ካልሆነም ግድ የለም አሉ። የዶሮ ጩኸት የተቀዳበት ካሴት አላቸው። ኮምቦልቻ ላይ በሚታየው የመጀመሪያ ዝግጅት የእኔ ድምፅ ካላማረ ወደ ዶሮው እንመለሳለን።

በዶሮ ላይ ቂም የለኝም። ግን ከግቢ ተመርቄ ከወጣሁ ጀምሮ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለችው የበሺር ስቱዲዮ ውስጥ የሰው ሠርግ ዘፈን ሳስተካክል ነው የከረምኩት። የራሴ የምለው አንድ ድምፅ ሰው ፊት ቀርቦ አያውቅም። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ ዶሮው እንዲያሸንፈኝ አልፈለግሁም።

ስቱዲዮዋ ከልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ያለች፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ አንዲት ክፍል ናት። ያኔ፣ በ2003፣ የነበረን ድምፅ መፍጠሪያ፣ ሲንተሳይዘሩ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፕሮግራም ነው። በውስጡ ኤንቨሎፕ የሚባል ክፍል አለ። ቁልፍ ሲነካ ድምፁ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣ፣ ሲለቀቅም እንዴት እንደሚከስም የሚወስነው እሱ ነው። ለከበሮ ወዲያው እንዲመታ፣ ለዋሽንት ትንሽ ለስለስ ብሎ እንዲገባ ይደረጋል። የመውጫ ጊዜውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። አሥር ሰከንድ ላይ ቆመ። አሥር ሰከንድ ለሠርግ ዘፈን ዘላለም ነው። ለንጋት ግን ማስነጠስ ነው።

«በእጅሽ ቀስ እያልሽ ጨምሪዋ» አለ በሺር።

«ሞክሬዋለሁ። እጄ ደረጃ ያወጣል። ስማው።»

ጆሮውን አዘንብሎ ሰማ። «ወላሂ፣ ይሄ ንጋት አይደለም። ሽማግሌ ፎቅ ሲወጣ ነው።»

ደግሞ መጉላቱ ብቻ አይበቃኝም ነበር። መጀመሪያ ብርድ ልብስ ውስጥ እንዳለ ሰው ድምፅ ታፍኖ፣ እየቆየ ጥርት እንዲል ፈልጌያለሁ። ሁለቱ አብረው፣ እኩል ማዝገም አለባቸው።

መፍትሔው ዓይኔ ሥር ነበር። ከመውጫ ጊዜው ማዞሪያ አጠገብ፣ ጊዜው በሰከንድ መሆኑ ቀርቶ በዘፈኑ ምት እንዲቆጠር የሚያደርግ ትንሽ ምልክት አለ። የሠርግ ዘፈን ላይ ድምፁ ከጭብጨባው ጋር እንዲገጥም ስጠቀምበት ኖሬያለሁ። ምት የሚዘገየው ደግሞ ዘፈኑ ሲዘገይ ነው። ዘፈኑን ባዘገምኩት ቁጥር ኤንቨሎፑም አብሮ ይለጠጣል፤ መጉላቱም መጥራቱም በእሱ ስለሚመራ እኩል ያዘግማሉ ማለት ነው። የእኔ ድምፅ አንድ ረጅም ኖታ ብቻ ነው፤ የሚጨበጨብለት የለም፤ ቢያዘግም የሚጎዳው ነገር የለም። ፍጥነቱን ፕሮግራሙ እስከፈቀደልኝ ድረስ አወረድኩትና ቁልፉን ነካሁ።

ምንም የለም።

በሺር ወጥቶ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ተመለሰ። «ተበላሸ እንዴ?»

«ቆይ።»

«ምኑን ልቆይ?» አለና ብርጭቆዎቹን እንደያዘ መሀል ክፍሉ ላይ ቀጥ አለ። ዙሪያውን አየ። «ያ አላህ! ይሄ መቼ ነው የገባው?»

ኮምቦልቻ የወረድነው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ደሴ የደረብነውን ሹራብ ሚኒባስ ውስጥ እያወለቅን ደረስን። አዳራሹ ሞልቷል። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነዋል። ጋሽ እንየው ከእኔና ከበሺር ጋር ድምፅ ማጉያው አጠገብ ተቀመጡ። መብራቱ ጠፋ፤ ቁልፉን ነካሁ።

ጨለማ። ዝምታ።

«ኤጭ! ሄደ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

በዚያ ዘመን መብራት ጠፍቶ ምንም ካልተሰማ ሌላ ማብራሪያ የሚፈልግ አልነበረም። ፉጨቱ ቀለጠ። የሞባይል መብራቶች እዚህም እዚያም ብልጭ ብልጭ አሉ።

«ዛሬም? በቅዳሜው?»

«ቦርሳችሁን ያዙ፣ ልጆች!»

«ኧረ እኔ እዚሁ ነኝ!» አለች ተዋናይዋ መዲና ከመድረኩ ጨለማ ውስጥ፤ ሳቁ ባሰ።

ይሄም ሳያንስ ውጭ ዱዱዱዱ የሚል ነገር ተነሣ። የአዳራሹ ዘበኛ ጋሽ ስማቸው ጄኔሬተሩን አስነሥተዋል። ጠዋት «መብራት ከሄደ አደራዎን» ብለን የለመንናቸው እኛው ነን። ድምፄ እዚያ ሁሉ ጩኸት ሥር የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። እኔም ልሰማው አልቻልኩም።

«በሺር» አሉ ጋሽ እንየው በሹክሹክታ፣ «ያን ካሴት አዘጋጀው።»

በሺር በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። «ተናገሪ።»

«አንተ ተናገር።»

«የማን ድምፅ ነው? ተነሽ በይ፣ አብሽሪ!»

ተነሣሁ። «መብራት አልሄደም!»

ከእኔ የወጣ አልመሰለኝም። የሚኒባስ ረዳት ነበር የሚመስለው።

«አልሄደም! ቴአትሩ ጀምሯል! ጋሽ ስማቸው፣ ያጥፉልን! እባካችሁ ዝም ብላችሁ ስሙ!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ዞር አሉ። «ምኑን እንስማ፣ ልጄ?»

«የሚመጣውን» አልኩና ተቀመጥኩ።

ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስሎ ጠፋ። ያኔ ድምፁ እዚያው ነበር። ግማሽ መንገድ መጥቷል፤ ገና ታፍኗል፤ ግን አዳራሹን ሞልቶታል። ሰው አንገቱን አስግጎ ይፈልገዋል፤ አንዱ ጣራውን፣ አንዱ በሩን ያያል።

«እኮ ከየት ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«እሽሽሽ!» አሏቸው ከጎናቸው ያሉት ሴትዮ።

መብራቱ ጭላንጭል ማሳየት ጀመረ። መጀመሪያ የመዲና ነጠላ፣ ቀጥሎ ጉንጯ ታየ። ድምፁም አብሯት እየጠራ ሄደ። አንድም ሰው አላሳለም።

ጋሽ እንየው ጎንበስ ብለው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«መጀመሪያውን የሰማ ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ። «በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ማን ይሰማል?»

«እኔም የጠየቅኩሽ ይሄንኑ ነበር።» ወደ በሩ ተመለከቱ። «ለደሴው ዝግጅት ይኸው ይሁን፤ ምኑንም እንዳትነኪ። ለመሆኑ ያ ጄኔሬተር ሚኒባስ ላይ ይጫናል?»