የጳጉሜ በሽተኞች

ፈረንጆች ለቀጨኔዋ የሳንባ ክሊኒክ ኮምፒውተር ሲለግሱ ስለ ጳጉሜ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እናም መዝገብ ያዥዋ ኡሙሀኒ የበሽተኞቹን መዝገብ በየሳምንቱ ወደ ዲስኬት በገለበጠች ቁጥር ያ ጉደኛ ማሽን ይነዘንዛታል፦ ሠላሳ ሰባት መዝገቦች ተበላሽተዋል፣ ቅጂው አያስተማምንም። አንድም የተበላሸ የለም። ሠላሳ ሰባቱ አምና በጳጉሜ መድኃኒት የጀመሩና ገና ያልጨረሱ ናቸው፤ ማሽኑ ደግሞ ከአሥራ ሁለት የበለጠ ወር ሲያይ ይደነብራል። ኡሙሀኒ ዲስኬቱን ከፍታ አንድ በአንድ አመሳክራለች፤ የሸጎሌው በሬ ነጋዴ ሸፊ እንኳ ከነሰውነቱ ክብደት ተመዝግቦ ቁጭ ብሏል።

የክሊኒኩ ካድሬ ጓድ ዓምሃ ግን በ1980 ጳጉሜ መግቢያ ላይ ያችን ማስጠንቀቂያ አነበበና አሻጥር አገኘሁ ብሎ ተነሳ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል። ተቆጣጣሪዎች ከበላይ ሳይመጡ ሠላሳ ሰባቱ እንዲሰረዙ፣ እሷም ስብሰባ ላይ ቀርባ ግለ ሂስ እንድታደርግና እንድትፈርም ደብዳቤ ጻፈባት። መዝገብ ላይ የሌለ በሽተኛ መድኃኒት አይሰጠውም፤ ይህ ለዓምሃ ምኑም አልነበረም። የነርሶቹ አለቃ ሲስተር መሰለች፣ ልጄ ፈርሚና ኑሪ ብላ ለመነቻት። ኡሙሀኒ መፍራቱንስ ፈርታለች፤ ንዴቷ ግን በለጠ።

ስብሰባው ላይ ዓምሃ ደብዳቤውን ከፍ አድርጎ አሳየ።

"ማሽን አይዋሽም" አለ።

"አይዋሽም፤ ጳጉሜን ግን አያውቅም" አለች ኡሙሀኒ ከመቀመጫዋ ተነስታ። "ጓድ፣ እስቲ ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን ያንብቡልን።"

ዓምሃ ወረቀቱን አየና ዝቅ አደረገው። ኡሙሀኒ ለራሷ የደረሳትን ግልባጭ ዘረጋች።

"እኔ ላንብበው። ጳጉሜ 3 ቀን 1980 ዓ.ም. ይላል። በማሽኑ ቤት ይኼም የተበላሸ ነው። መሰረዝ ካለብን ከዚህ እንጀምር። እኔ ሰው አልሰርዝም፤ አልፈርምምም።"

ከኋላ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሳቀች፤ ሳቁ ወዲያው አዳራሹን አዳረሰ። ዓምሃ ጉዳዩ ይጠናል አለና ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ኡሙሀኒ ወደ ክፍሏ ተመልሳ የሳምንቱን ቅጂ ሠራች። ማስጠንቀቂያው እንደ ልማዱ ብቅ አለ። አሁን ሠላሳ ስምንት መዝገቦች ተበላሽተዋል ይላል። ያን ዕለት ጠዋት መድኃኒት የጀመረችው ዓሊማ ተጨምራ ነው።