የጋሽ ሽብሩ ፊት በጥቁር ከፋይ ላይ

እስከዚያ ሳምንት ድረስ በእኛ ማተሚያ ቤት ፊቱ ጨርቅ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ የሞተ ነበር። ዲላ ውስጥ ሰው ሲያርፍ ቤተሰቡ ፎቶውን ይዞ ይመጣል፤ እኛ ጥቁር ቲሸርት ላይ እናትመዋለን፤ ለቀስተኛው ለብሶት ይውላል። በቁሙ መጥቶ «ፊቴን አውጡልኝ» ያለን የመጀመሪያው ሰው ጋሽ ሽብሩ ናቸው።

ጋሽ ሽብሩ የቡና ነጋዴ ናቸው። ይርጋጨፌ አጠገብ አሪቻ ላይ አዲስ የቡና ማጠቢያ ሠርተው ቅዳሜ ሊያስመርቁ ነበር። የፈለጉት ትልቅ ጥቁር ከፋይ ሆኖ መሐሉ ላይ የራሳቸው ፊት በሚያብረቀርቅ ፈርጥ እንዲለቀም ነው።

«ፀሐይ ሲመታው ይርጋጨፌ ድረስ መታየት አለበት» አሉኝ።

እንዲህ ያለውን ትእዛዝ እምቢ አይሉትም። የምንሠራበት ሕንጻ የሳቸው ነው። ደግሞ ጃኬታቸው በቀኝ በኩል ዝቅ ይላል፤ ዲላ ውስጥ ምን እንዳከበደው የጠየቀ ሰው የለም።

ሥራው እንዲህ ነው። ፎቶውን ኮረል የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ አስገብቼ ጥቁርና ነጭ አደርገዋለሁ። ጥላውን በመስመር እከባለሁ፤ የከበብኩትን በትናንሽ ክቦች እሞላለሁ። አንዷ ክብ አንዲት ፈርጥ ናት። ከዚያ መቁረጫ ማሽኑ ክቦቹን ወፍራም ፕላስቲክ ላይ ይበሳቸዋል፤ የሚወጣውን ወንፊት ነው የምንለው፣ ወንፊት ስለሚመስል። ፈርጡን አፍስሰህ በብሩሽ ስታመላልሰው እያንዳንዷ ቀዳዳዋን ፈልጋ ትገባለች። በሚያጣብቅ ፕላስቲክ አንስተህ ከፋዩ ላይ ታስተኛታለህ፤ በጋለ ማተሚያ ትጫናታለህ። አንዴ ከተጫነች የምትነሣው ጨርቁን ይዛ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የተማርኩት ክብ ለመደርደር ኖሯል። ለጋሽ ሽብሩ ስድስት ሺህ ከምናምን ደረደርኩ። ስክሪኑ ላይ ቅንድባቸው፣ ጢማቸው፣ ያ ተከራይ የሚያስለቅቀው አስተያየታቸው ሳይቀር ቁጭ አለ። የሱቁ ባለቤት ሳዕዳ የአክስቴ ልጅ ናት። በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አይታ «ወላሂ ሊናገሩ ነው፤ ኪራይ ጨምሩ ሊሉ!» አለች።

ማተሚያችን ትንሽ ስለሆነ ፊቱን ስድስት ቦታ ከፍለን፣ መብራት ሳይጠፋብን ብለን እየተጣደፍን፣ የተጫነውን እየጠቀለልን ጨረስነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሳዕዳ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ይዘን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው።

ራስ ቅል ነበር።

ግንባርና ጉንጭ የለም፤ እዚያ ጥቁር ጨለማ ነው። ዓይን የሚገባበት ጉድጓድ ግን ነጭ ሆኖ ይነድዳል። ጢማቸው ያለ ከንፈር የተገጠገጠ ጥርስ መስሏል። እኛ ስንንቀሳቀስ ብርሃኑ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ የሚከተለን ይመስላል።

«ይሄ ማነው?» አለች ሳዕዳ በሹክሹክታ።

«ጋሽ ሽብሩ ናቸው።»

«አንተ ሚክዳድ! ሰውዬውን ገደልካቸው እኮ!»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሉ።»

«ሕንጻው የሳቸው ነው፤ ግድግዳው ራሱ ይሰማላቸዋል!»

ስሕተቴ ወዲያው ገባኝ። ስክሪኑ ነጭ ነው፣ ክቦቼ ጥቁር፤ ጥላውን ስሞላ ልክ ይመስላል። ከፋዩ ግን ጥቁር ነው፣ ፈርጡ ያበራል። ጥላው ሁሉ ብርሃን፣ ብርሃኑ ሁሉ ጨለማ ሆኖ አረፈው። ከመጀመሪያው ምስሉን መገልበጥ ነበረብኝ፤ አንዲት ትእዛዝ ናት። እስከዚያ ቀን በፈርጥ የሙሽራ ስምና አበባ ብቻ ስለሠራሁ አስፈልጋኝ አታውቅም።

«መብራት ጠፍቶ አልደረሰም እንበላቸው» አልኩ።

የጎረቤቱ ሙዚቃ ቤት በዚያች ደቂቃ ቴፑን እስከ ጥግ ለቀቀው። ሳዕዳ በዓይኗ ገረፈችኝ። «በሕይወት ላለ ሰው በጥቁር ጨርቅ ሬሳውን ሠርተን! ምን ያደርጉን ይሆን? እኔን ያስወጡኛል፤ አንተን እንጃ።» ይህን ብላ መርካቶ ደውላ በነገው አውቶቡስ ፈርጥ ለማስላክ ኔትወርክ ፍለጋ ወጣች። እኔን ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ከእሳቸው ጋር ትታኝ።

ከፋዩን ላወርድ ወንበር ላይ ወጥቼ ሳለሁ መኪና ቆመ። በሩ ተከፈተ። ጋሽ ሽብሩ ናቸው፤ ሰላም አላሉም። ቀና አሉ።

ስድቡን ጠበቅኩ። ከስድቡ በኋላ የሚመጣውንም ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ወደ ኋላ ዞረው በሩን ዘጉና ቁልፉን አዞሩ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ጃኬታቸው ውስጥ ከተቱ። እኔ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ፣ እንደሚሞት ሰው ሸሃዳ ያዝኩ።

ያወጡት መሐረብ ነው። ግንባራቸውን ጠረጉ።

«ማነች የሰጠህ?» አሉ። አማርኛቸው የጌዴኦ ለዛ አለው፤ ሲጨንቃቸው ወንድና ሴቱን አይለዩም።

«ምኑን ጋሽ ሽብሩ?»

«ራጁን! ሐኪሙ ነው? ወይስ ሾፌሩ ከቦርሳ አውጥታ ሰጠችህ?»

«የምን ራጅ? ወላሂ እኔ...»

«አትማል! የራሴን ራስ አላውቅም? አዲስ አበባ ሐኪሙ መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። እንዲሁ ነው። ዓይኑም እንዲሁ። እዚህ ጋ ነው አለኝ ያበጠው።» ጣታቸውን ወደ ከፋዩ ልከው የግራ ዓይኑን ጉድጓድ ነኩ። «ልጆቼ አያውቁም። ባንኩ አያውቅም። አንተ ጨርቅ አታሚው እንዴት አወቅህ?»

ከወንበሩ ወረድኩ። ማስረዳቱን ለኮምፒውተሩ ተውኩት። ፋይሉን ከፈትኩ፤ ነጭ ገጽ ላይ ጋሽ ሽብሩ በጤና ቁጭ ብለዋል። ገጹን አጥቁሬ ክቦቹን ነጭ አደረግሁ፤ ራስ ቅሉ መጣ። ፎቶውን ገልብጬ እንደገና ሞላሁት፤ ጥቁሩ ገጽ ላይ ጉንጫቸው በራ፤ ሰው ሆኑ።

«የኔ ስሕተት ነው» አልኩ። «ምንም ራጅ አላየሁም። መገልበጥ ረስቼ ነው።»

«ድገማት» አሉ።

ደገምኩ። ሞቱ፤ ዳኑ።

«አሁንም።»

ስንት ጊዜ እንዳስደገሙኝ አላውቅም። ትንፋሻቸው ጆሮዬ ሥር ይሰማኛል። በመጨረሻ ትንፋሹ ቆመ። እሳቸውም የገባቸው ያኔ ነው፤ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ለሐኪምና ለእግዜር ብቻ የተነገረውን፣ ለቲሸርት አታሚ ዘርግፈውታል።

«አሁን አወቅህ» አሉ ቀስ ብለው።

«ምንም አልሰማሁም ጋሼ።»

«ሰምተሃል። ነጋዴ አታታልል።»

በሩ ተንኳኳ። ሳዕዳ ናት። ጋሽ ሽብሩ ከፋዩን በአንድ እጃቸው ጎትተው አውርደው አጣጠፉት፤ ፈርጡ እርስ በርሱ ሲፋጭ የጥርስ ድምፅ አወጣ። ብብታቸው ሥር አድርገው ከፈቱላት።

«ተገልብጣለች። ሌላ ሥሩ» አሏት። «ቅዳሜ አሪቻ ልጁ ራሱ ያምጣት። ብቻውን።»

«ብቻውን» የምትለዋ ቃል ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሣችኝ። ሳዕዳ አልተቆጡም ብላ ስትደሰት፣ እኔ የማጠቢያ ገንዳ ጥልቀቱ ስንት ይሆን እያልኩ አሰላ ነበር፤ ሒሳብ መማሬ ለዚህ ጠቀመኝ። ፈርጡ መጣ። ምስሉን ገለበጥኩ፤ ከመጫኔ በፊት ጥቁር ጨርቅ ላይ አራት ጊዜ አየሁት። መኪና በቆመ ቁጥር ብሩሹን አስቀምጬ በሩን አይ ነበር።

ቅዳሜ እስከ ይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር ሄድኩ። ሞተረኛው መንገዱን ሙሉ «ጋሽ ሽብሩ ልዩ ሰው ናቸው፤ የከዳቸውን አይረሱም» እያለ አጽናናኝ።

ድንኳኑ ሞልቷል። ከፋዩ ተሰቀለ፤ ፀሐይ መታው፤ ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በራ። ሰው እልል አለ። እኔ በዚያ ግርግር ወደ ሞተሩ ላፈገፍግ ስል ክንዴ ተያዘ።

«ና» አሉኝ።

ከድንኳኑ ጀርባ፣ ባዶ የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ መሐል ወሰዱኝ። ሰው አይታይም። ከሥር ውኃው ገንዳው ውስጥ ሲወርድ ይሰማል። ግማሽ መንገድ የጎተቱኝ እሳቸው ናቸው።

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ለሳዕዳ እንኳ።»

ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝ። በአንዱ ዓይናቸው ብቻ እንደሚያዩኝ ልብ ያልኩት ያኔ ነው።

«ሰኞ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ሊከፍቱኝ ነው፤ ራሴን» አሉ። «ሐኪሙ ሰው ይዘህ ና አለኝ። ልጆቼ ከሰሙ ቡናው ሳይለቀም በውርስ ይጣላሉ። የሚያውቅ ሰው አንተ ብቻ ነህ።» ክንዴን ጠበቅ አደረጉ። «ፈራሁ እኮ፣ ልጄ።»

ገንዳው ውስጥ ብወረወር ይሻለኝ ነበር። የሚያስፈራ ሰው ሲፈራ፣ አብሮት ያለው ሰው የሚያመልጥበት ቦታ የለም።

«እሺ» አልኩ። «ሳዕዳን ምን ልበላት?»

«አዲስ አበባ ማሽን ልገዛልህ ነው በላት።»

ወደ እንግዶቹ ስንመለስ ክንዴን አልለቀቁም። ሕዝቡ በሥራዬ ተደስተው ያከበሩኝ መስሎት አጨበጨበ። ድንኳኑ በር ላይ ወደ ታች የሚያወርዱ ሁለት ደረጃዎች አሉ። እዚያ ስንደርስ ቆሙ፤ ፈገግ እንዳሉ፣ ማንም ልብ ሳይለው፣ በጫማቸው ጫፍ ጠርዙን ዳበሱ።

«አንድ» አልኳቸው ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ። ወረዱ። «ሁለት።»