የአረመኔዋ ምልክት

ወይዘሮ ዘውድነሽ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ በወጡ በስምንተኛው ወር አረመኔ ሆኑ። ያስገባቻቸው የጎረቤታቸው ልጅ ማርቲ ናት። አዳማ ውስጥ አንድ ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እነማርቲ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ያለበት ዳይስ እየጣሉ፣ ትልቅ ቁጥር የወጣለት እየቀናው፣ የሚጫወቱት የጀብዱ ተረት አላቸው። ተረቱን የምትመራውም፣ ጠላቶቹን የምታንቀሳቅሰውም ማርቲ ናት። ባጃጅ ነጂው ምልኬሳ አስማተኛ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ ኡሙልኸይር ደግሞ ቁስል ፈዋሽ ናቸው። በመሥሪያ ቤታቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ወይዘሮ ዘውድነሽ ስትቆጣ የምታጓራ ባለ መጥረቢያ አረመኔ ሆኑ፤ መጥረቢያውን በመጀመሪያው ቀን ነው የወደዱት።

ያስቸገራቸው ምልክቱ ነው። አረመኔዋ በተራዋ መጀመሪያ የመታችው ጠላት ላይ ምልክት ያርፍበታል። እሳቸው ምልክት ያረፈበት በሚቀጥለው ምት ይበልጥ የሚጎዳ መስሏቸው፣ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ተረቱ ያመጣባቸው አይጦች ላይ ምልክት ሲያደርጉ ከረሙ። ጠብ ያለላቸው ነገር አልነበረም።

በአራተኛው ቅዳሜ ድልድይ ላይ ከድንጋይ የተሠራ ግዙፍ ሰው ሁለት ጅብ አስከትሎ ገጠማቸው። ጅቦቹ አረመኔዋን ከበቡ። ግዙፉ አስማተኛውን አንድ ጊዜ ቢመታው ከነፍሱ ሁለት ነጥብ ብቻ ቀረችው። የኡሙልኸይርም መድኃኒት አልቋል። ምልኬሳ ብርጭቆውን ገፋ አድርጎ፣ አስማተኛው ሲሞት ለሚቀጥለው ሳምንት ምን ሆኖ እንደሚመጣ ማሰብ ጀመረ።

ተራው የወይዘሮ ዘውድነሽ ነበር። እንደ ልማዳቸው አጠገባቸው ያለውን ጅብ ሊመቱ ዳይሱን አነሡና መልሰው አስቀመጡት። ማርቲን የሕጉን ወረቀት እንድትሰጣቸው ጠየቋት። መነጽራቸውን አድርገው፣ ድሮ ሰርኩላር እንደሚያነቡት፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ምልክት ያለበት ጠላት፣ እስከ አረመኔዋ ቀጣይ ተራ ድረስ፣ ከእሷ ሌላ ማንንም ሊመታ ቢሞክር ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን ይወስዳል ይላል። ጣታቸው እዚያ ላይ ቆመ።

“ከእሷ ሌላ ነው እኮ የሚለው” አሉ። “ለእኔ አይደለም ማለት ነው። ለእናንተ ነው።”

“አዎ እትዬ” አለች ማርቲ ሳቋን እየዋጠች። “አይጦቹ ግን ድሮም አጠገባቸው ከእርስዎ ሌላ የሚነክሱት ሰው አልነበራቸውም።”

ወይዘሮ ዘውድነሽ ጅቦቹን ትተው ወደ ግዙፉ ሮጡ። ጅቦቹ ከኋላ ነከሷቸው፤ ይንከሱ አሉ። ዳይሱ አሥራ ሰባት ወጣ፤ መጥረቢያው የግዙፉን ጉልበት አገኘው፤ ምልክቱም አረፈበት። ግዙፉ አስማተኛውን ሊጨርስ ዱላውን ሲያነሣ ማርቲ ሁለት ዳይስ ጣለች። አንዱ አሥራ ዘጠኝ። ሁለተኛው ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ ብርጭቆው ሥር ቆመ፦ ሦስት።

ዱላው ባዶ ድልድይ መታ።

ምልኬሳ ብድግ ሲል ወንበሩ ወደቀ። ኡሙልኸይር በሻርፗ ጫፍ አፏን ይዛ ተንፈቀፈቀች። የጭማቂ ቤቱ ባለቤት ኳስ ያለ መስሎት ማን አገባ ብሎ ወጣ። ወይዘሮ ዘውድነሽ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ግዙፉ ተናዶ ወደ እሳቸው ዞረና ክፉኛ መታቸው፤ አረመኔ ሲቆጣ ግን ጉዳቱ በግማሽ ነው፤ ቆመው ቀሩ። ምልኬሳም ያቺን በሁለት ነጥብ የተረፈች ነፍሱን ይዞ እሳቱን ለቀቀበት። ግዙፉ ወደ ወንዙ ተናደ።

“አዴ ዘውድነሽ፣ ዛሬ ነፍሴ የእርስዎ ናት” አላቸው ምልኬሳ፣ በባጃጁ ወደ ቤት ሲወስዳቸው። መንገድ ላይ ሽንኩርት የጫኑ አንድ ሽማግሌ ተሳፈሩ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ሳይጠየቁ ውጊያውን ከነሕጉ ተረኩላቸው። ሽማግሌው በጥሞና አዳምጠው፣ ግዙፉ ማንንም ሳይመታ ቢሸሽስ ምልክቱ ምን ይሆናል አሉ።

ወይዘሮ ዘውድነሽ አሰቡ። ያንን አላነበቡም። ምልኬሳን ባጃጁን ዳር እንዲያሲዝ አዘዙትና ማርቲ ጋ ደወሉ።