ሦስት ፊርማ ያለበት በር

ሽመክት የዩኒቨርሲቲው የቢቸና ግቢ ኔትወርክ ሠራተኛ ከሆነ አምስት ዓመቱ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ እንደ ሰርቨር ክፍሉ በር አንጀቱን ያሳረረው ነገር የለም። የክፍሉ የቀድሞ ኃላፊ ንብረቱን ሳያስረክብ ሌላ መሥሪያ ቤት ገባና፣ ቆጠራው እስኪያልቅ ክፍሉ ይታሸግ ተባለ። በሩ ተቆልፎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጠፈበት። ሦስት ሰዎች ፈረሙ፤ የንብረት ክፍሉ ጋሽ ፋንታ፣ ከሞጣው ግቢ የመጡት ኦዲተር አቶ የኔሰው፣ ሦስተኛው ራሱ ሽመክት። ሦስቱ አብረው ካልቆሙ እሽጉ አይነሳም። «ለሁለት ሳምንት ነው» ብለውት ነበር። ይኸው አራተኛ ወሩን ያዘ።

መብራት ሄዶ ጀነሬተር በተነሳ ቁጥር ክፍሉ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ብሬከር ይወድቃል። ለማንሳት አንድ ጣት ይበቃል። ያቺ ጣት እንድትገባ ግን አቶ የኔሰው ከሞጣ መምጣት አለባቸው፤ እስከዚያ ግቢው ሁለት ሦስት ቀን ያለ ኔትወርክ ይከርማል። ሽመክት በየጊዜው ደብዳቤ ጻፈ። መልሱ «ቆጠራው ይጠናቀቅ» ነው። ቆጣሪ ደግሞ የለም።

በኔትወርክ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ዕለት ደረሰ። ባለፈው ፈተና ሀብትነሽ የምትባል ተማሪ ሃያ ጥያቄ ሲቀራት ኔትወርኩ ተቋርጦ ወድቃለች። አሁን ካላለፈች ሞጣ ያገኘችው ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጣል። የእርሷ ተራ ከሰዓት ነው። ጠዋት ኮሪደር ላይ ስታገኘው፣ ሽመክት ሳያስበው «በዚህኛው አይቋረጥብሽም» አላት። ካላት በኋላ ፈራ።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ተነሳ፤ ብሬከሩም እንደ ልማዱ ወደቀ። ከታሸገው በር ጀርባ የመጠባበቂያ ባትሪው ጩኸት ጀመረ። ባትሪው ከሃያ ደቂቃ አያልፍም፤ የጠዋቱ ተፈታኞች ደግሞ ገና መሃል ላይ ናቸው። ሽመክት እየሮጠ ጋሽ ፋንታ ዘንድ ሄደ።

«የኔሰው ይምጡ» አሉ ጋሽ ፋንታ።

«እስኪመጡ ፈተናው ያልቃል፣ ጋሼ።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል።» ቢሆንም ተነስተው በሩ ድረስ መጡና ቁልፉን ሰጡት። «ወረቀቱን ግን እኔ አልነካም።»

ሽመክት የገዛ ፊርማውን ከሁለቱ ጋር ቀደደው። ገባ፣ ብሬከሩን አነሳ፣ ጩኸቱ ቆመ። ተፈታኞቹ ምንም አላወቁም።

እሽጉ መቀደዱን ሲሰሙ አቶ የኔሰው በዚያው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ደረሱ።

«ማን ቀደደው?»

«እኔ።»

«ለብቻህ?»

«ለብቻዬ።»

ስለ ፈተናው የጠየቀው የለም። ኦዲተሩ አዲስ ወረቀት አውጥተው «አሁኑኑ ይታሸግ፤ ስለ አንተ በደብዳቤ እንነጋገራለን» አሉ። የከሰዓቱ ፈተና ሊጀመር አንድ ሰዓት ብቻ ቀርቶታል፤ መብራቱም አልተመለሰም። እስክሪብቶውን ተቀብሎ ፈረመና ወንበር ይዞ ወደ ውስጥ ገባ።

«እሸጉት» አለ። «እኔ እዚሁ ነኝ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«መመሪያው ሰው አይታሸግ አይልም።»

አቶ የኔሰው መመሪያውን በልባቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። እንዲህ የሚል አላገኙም። በሩ ከውጭ ተቆለፈ፣ ወረቀቱም ተለጠፈ።

ከሰዓት መብራቱ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሄደ። ሽመክት ሦስቴም ብሬከሩን በጣቱ አነሳ። በመካከሉ ላቡን እየጠረገ ኃላፊውንም፣ ቆጠራውንም፣ የፈረመች እጁንም ረገመ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ በቀስታ ተንኳኳ።

«ጋሼ ሽመክት፣ ጨረስኩ። አልተቋረጠም» አለች ሀብትነሽ።

በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው። «በይ ጋሽ ፋንታን ጥሪልኝ፤ ይክፈቱልኝ።»

ጋሽ ፋንታ መጡ። «የኔሰውማ በመጨረሻው ሚኒባስ ወደ ሞጣ ሄዱ።»

«ቁልፉ እርስዎ ዘንድ አይደል?»

«ቁልፉስ አለ። ሦስታችን ካልቆምን ግን አይነሳም።»

«እኔና እርስዎ አለን እኮ።»

«አንተማ ከታሸገው ንብረት ጋር ነህ» አሉ ጋሽ ፋንታ፤ የምራቸውን ነበር።

ከውጭ ወረቀት ሲቀደድ ተሰማ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አደረግሽ?» አሉ ጋሽ ፋንታ።

«እኔ አልፈረምኩበትም» አለች ሀብትነሽ።

የጋሽ ፋንታ ቁልፍ በሩ ውስጥ ዞረ።