የያጌላ የውሃ አባት

ሆቪታ በሎስ አንጀለሱ ምግብ ቤቷ ሰፌድ የሚያህለውን የበቆሎ ቂጣ ከሰሉ ላይ ገልብጣ ባቄላውን መቀባት ስትጀምር ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩ የሜክሲኮ ነው። በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ወትፋው "አቤት" አለች።

"ልጄ፣ ፊላዴልፎ ነኝ። ትናንት ጉባኤ ተቀምጠን ነበር።"

እጇ ቆመ። የያጌላ መንደር ሹም በጉባኤ ማግስት ሎስ አንጀለስ ድረስ የሚደውሉት ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

"ማን ተመረጠ?"

"ወንድምሽ። ኤሊሴዎ ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ የውሃ አባት ነው።"

በያጌላ ሹመት ደሞዝ የለውም፤ እምቢታም አያውቅም። ጉባኤው ስሙን የጠራው ሰው የትም ይኑር የት መጥቶ ዓመቱን ያገለግላል፣ ወይም ምትክ ያቆማል። ይህን ካላደረገ የቤተሰቡ ውሃ ይዘጋል፤ ሞት ቢመጣም በመንደሩ መቃብር ቦታ አያገኙም። የሆቪታና የኤሊሴዎ እናት፣ አሮጊቷ ናቲቪዳድ፣ አሁንም የሚኖሩት እዚያው ያጌላ ነው።

"አጎቴ፣ ኤሊሴዎ ወረቀት እንደሌለው ያውቃሉ። አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም። ልጆቹ እዚህ ናቸው።"

"አውቃለሁ። ጉባኤውም ያውቃል። ግን ተራው ደረሰ።"

"እንግዲያው እንደ ባለፈው ጊዜ ምትክ ሰው እንቀጥራለን።"

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። "ማንን? ያኔ የቀጠራችሁት ክሬሴንሲዮ አሁን የት ነው ያለው?"

ሆቪታ ዞር ብላ አየች። ክሬሴንሲዮ ከኋላዋ ሽንኩርት ይከትፋል። ያጌላን ለቆ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም።

"የቀሩት ጎረምሶች ሁሉም የየራሳቸው ሹመት አላቸው" አሉ ሽማግሌው። "ሌላው እናንተ ጋ ነው። እስከ እሁድ መልስሽን እጠብቃለሁ፣ ልጄ።"

ኤሊሴዎ የዕቃ መኪናውን አቁሞ በጓሮ በር ሲገባ ነገረችው። የተሸከመውን ካርቶን አስቀመጠና እላዩ ላይ ተቀመጠ።

"እሄዳለኋ" አለ።

"ሞኝ አትሁን። በዚህ ዕድሜህ ያንን በረሃ ደግመህ ልታቋርጥ?"

"እና እማዬን በውሃ ጥም ይፍጇት? ስትሞትስ የት ልትቀብሪያት ነው፣ እዚህ ፒኮ ጎዳና ላይ?"

ክሬሴንሲዮ ቢላውን አስቀመጠ። "ነገሩ የእማማ ናቲቪዳድ ብቻ አይደለም፣ እትዬ። የውሃ አባት ከሌለ ለላይኛው ሰፈር ውሃ የሚለቅ የለም። ቂጣ የሚጋግሩልሽ እነ ሮሳሊያ በቆሏቸውን በምን ሊቀቅሉ ነው?"

ሆቪታ መደርደሪያው ላይ የተነባበረውን ቂጣ አየች። በየሳምንቱ በአውሮፕላን የሚመጣላት ከእነ ሮሳሊያ እጅ ነው። ደንበኞቿ፣ ጎረቤቷ ኮሪያዊው ልብስ አጣቢ ሳይቀር፣ ይህንን እንጂ የፋብሪካውን ቂጣ አይነኩም። ይህን ሁሉ ዓመት ያጌላን ደግፋ ያቆመችው እሷ ይመስላት ነበር።

ስልኳን አንስታ መልሳ ደወለች።

"አጎቴ፣ ምትክ አግኝቻለሁ።"

"ማንን?"

"እኔን። ወረቀት አለኝ፤ ሄጄ እመለሳለሁ።"

ከወዲያ የዶሮ ጩኸት ይሰማል።

"ሴት ለውሃ አባትነት ተሹማ አታውቅም" አሉ በመጨረሻ።

"ወንድ ካለዎት ይሹሙ።"

"ዳገቱን ረሳሽው? ታንከሩ እኮ ያለው ጫፉ ላይ ነው።"

"ቧንቧ ሳይገባ ያንን ዳገት በገንቦ የምንመላለስበት እኛ አልነበርንም? ያኔ 'ሴት ነሽ፣ ተይው' ያለኝ ሰው አላስታውስም።"

"አንደበትሽ የእናትሽ ነው።" ሽማግሌው ተነፈሱ። "እሺ፣ ለጉባኤው እነግራለሁ። መንጫጫታቸው አይቀርም።"

"ይንጫጩ። ውሃ ሲመጣላቸው ዝም ይላሉ።"

ስልኩን ስትዘጋ ኤሊሴዎ ከካርቶኑ ላይ ተነስቷል። ፊቱ ላይ እፎይታና እፍረት ተቀላቅለዋል።

"ምግብ ቤቱስ? ይሄን ቤት እዚህ ለማድረስ የከፈልሽውን እኔ አውቃለሁ። በእኔ እጅ ዓመት ይቆማል?"

"እንጃ።"

"ባለፈው ስትታመሚ ያደረግሁትን ረስተሽዋል?"

"ከሰሉንና ቂጣውን መለየት አቅቶን ነበር" አለ ክሬሴንሲዮ።

"አንተ ሽንኩርትህን ክተፍ!"

ሆቪታ ሳቀች፤ ግን ዓይኗ ከምድጃው አልተነቀለም። ከእሷ በቀር ማንም እንዲቆምበት የማትወደው ቦታ ነው። ከፊት ለፊት ደንበኛ ገብቶ ሁለት አዘዘ። ሆቪታ ሽርጧን ፈትታ በወንድሟ ወገብ ላይ አሰረችው፤ መቆንጠጫውንም አስጨበጠችው።

"በጣም እንዳታነደው" አለችና ከክሬሴንሲዮ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። "በል አንተ፣ የትኛው ቧንቧ ነው መጀመሪያ የሚከፈተው?"

ክሬሴንሲዮ የሽንኩርት ልጣጩን በክንዱ ጠርጎ በእርጥብ ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ዳገቱን ሳለላት፤ ከዚያ ታንከሩን፣ ከዚያ ወደ ሰፈሮቹ የሚወርዱትን መስመሮች። "መጀመሪያ የላዩ ነው፤ ግን ጥብቅ ነው። በጉልበት ከታገልሽው ይሰበራል። ዘይት ቀብተሽ ትንሽ ትጠብቂዋለሽ።"

ከምድጃው የሚያር ቂጣ ሽታ መጣ። ኤሊሴዎ ለራሱ ሲሳደብ ተሰማ።

ሆቪታ አልዞረችም። "ከዚያስ?" አለች።