በበርበሬ ተራ «ይማርሽ» አይባልም

በ2002 ዓ.ም. አዲሱ ጉንፋን በገባ ሰሞን፣ እኔ ነርስ ባይነሽ፣ የሰው አፍንጫ ውስጥ ጥጥ ስከት ነበር የምውለው። ናሙናው ላቦራቶሪ ሄዶ የትኛው የቫይረስ ዝርያ የት እንደደረሰ ይለይበታል። ሌላ ሰፈር ቀላል ነው፤ ያስነጠሰውን መያዝ ነው። መርካቶ በርበሬ ተራ ግን ማን የማያስነጥስ አለ? መጀመሪያ ከሃያ ሰው ናሙና ወሰድኩ፤ አንዱም ላይ ቫይረስ አልተገኘም። አለቃዬ «ባይነሽ፣ ለዶሮ ወጥ የሚሆን በርበሬ ነው እንዴ የላክሽልን?» ብሎ ጨጓራዬን ላጠው።

ያዳኑኝ እትዬ ረሂማ ናቸው። እናቴ ከእሳቸው በርበሬ ስትገዛ ከልጅነቴ ጀምሮ እየተቆጡ ያሳደጉኝ፣ አስም ያለባቸው አሮጊት ነጋዴ ናቸው።

«አንቺ ጅል፣ ጆሮሽ ምን ይሠራል?» አሉኝ። «እዚህ በርበሬ ላስነጠሰው ሁሉ ‹ይማርህ› ስንል ከዋልን መቼ ልንሸጥ ነው? ‹ይማርህ› ከተባለ ሰውየው የምር ታሟል ማለት ነው።»

እውነትም! «ይማርህ» ወደተባለበት እየሮጥኩ ከአንዋር መስጊድ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የቫይረሱን መንገድ ካርታ ላይ አሰመርኩ። አለቃዬም ካርታውን ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ረሂማ ሱቅ ቁጭ ብለን ስንቀላለድ እሳቸው አስነጠሱ። ደገሙ። ጎረቤታቸው ጠይብ አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት በዓይናቸው ገረፉት፤ ዘጋው። ማዶ ያለችው ናኢማም አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ገባኝ። ተራውን በሙሉ «ይማርዎት» እንዳይል አስጠንቅቀውታል! ግንባራቸውን ብነካው ይፋጃል፤ ደረታቸው ያፏጫል።

«እትዬ፣ ይነሱ፤ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«አልሄድም! እንድሪስ ባሌ በሳል ገብቶ በዚያው ቀረ። እኔንም ብቻዬን አስተኝተው...»

ፈራሁ። እወዳቸዋለኋ! በዚያ አስም ላይ እንዲህ ሆነው ቢያድሩ አላገኛቸውም ብዬ ፈራሁ። ብድግ አልኩና «ይማርዎት!» ብዬ ጮህኩ።

ተራው በሙሉ ወደ እኛ ዞረ። «ይማርዎት እትዬ» አለ ጠይብ ቀስ ብሎ። ናኢማ ተከተለች። ከዚያማ ከዳር እስከ ዳር «ይማርዎት» ሆነ።

እትዬ ረሂማ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ።

«በርበሬው ነው» አሉ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«አብረሽኝ ታድሪያለሽ?»

«አድራለሁ።»

እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙና አፍንጫቸውን ለጥጤ ወደ እኔ ቀና አደረጉ።