ኮሶ የሌለበት ሚዜ

ሙላው ኮሶ አልነበረበትም። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ቆቦ የመጣችው ጤና ረዳት ማንያህልሻል፣ ጥሬ ሥጋ ኮሶ እንደሚያስይዝ ለቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ባስተማረች ጊዜ፣ ሌላው ሲስቅ እሱ አምኗት ሥጋውን ጠብሶ መብላት ጀምሮ ነበር።

ጓደኞቹ በየሁለት ወሩ ተሰብስበው የኮሶ መድኃኒት ይጠጣሉ። አሁን ደግሞ ይግዛው ሊያገባ ነውና፣ ሚዜዎቹ ለሠርጉ ጥሬ ሥጋ ሆዳቸውን ሊያጸዱ ቀጠሮ ያዙ።

«አንተ ምኑን ታጸዳዋለህ፣ ጓድ ጥብስ?» አለው ይግዛው። «ኮሶ የሌለበትን ወንድ ሚዜ አድርጌ ብሄድ አማቾቼ ምን ይሉኛል?»

ሙላው ከልጅነት ጓደኛዬ ሠርግ መቅረቴ ነው ብሎ፣ ኮሶ ቢገኝበት ሊመረመር ጤና ጣቢያ ሄደ። ማንያህልሻል መርምራው «ነጻ ነህ» አለችው።

«እባክዎ ሲስተር፣ አንዴ ደግመው ይዩልኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ትንሽም ብትሆን አትጠፋም።»

«አንድም የለም። መድኃኒቱን እንዳትጠጣ፤ ይጎዳሃል።»

በቀጠሮው ቀን ግን ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ጠጣ። መድኃኒቱ የሚጥለው ትል ቢያጣ ሙላውን ራሱን ጣለው። ሌሎቹ ከቀትር በኋላ ድነው ሲጫወቱ፣ እሱ ግድግዳ ተደግፎ ሲያስመልስ አመሸ።

ይግዛው በአድናቆት ተመለከተው።

«እኛስ ትል ነው የያዝነው» አለ። «የዚህ ግን ዘንዶ ነው። ደብቆን ኖሯል።»

ሙላው አንደኛ ሚዜ ሆነ። ከሁለት ወር በኋላም ጓደኞቹ ለመድኃኒቱ ሲሰበሰቡ፣ ትልቁን ዋንጫ ለእሱ ሞልተው ጠበቁት።